ከአሰንዳቦ ወዲያ

ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ጥር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ከምናምን ላይ ተቀምጬ፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ዝቅ ብለሽ ለምትኖሪው ለአንቺ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ፣ የክሊኒክ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። የኔነሽም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት፤ ጉልበቷንም የምታማርረው እኔ ቤት ስሆን ብቻ ነው።

እንደምታውቂው ባለፈው መስከረም ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ቪክቶሪያ ሐይቅን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬ እንዳጠፋሁት የሚያውቀው ጠመኔው ነው። ምድር ወገብንም በማስመሪያ ሳሰምር ኖሬአለሁ። ሁለቱንም ግን በዓይኔ አላየሁም። ከደብረ ዘይት አልፎ የማያውቅ ሰው ስለ ዓለም አውርቶ ደመወዝ በላ። እንግዲህ በመጪው ክረምት ሄጄ ላየው ቆርጫለሁ። የኔነሽ «አሁን ጡረተኛ ነህ፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ምን ያስጠብቅሃል? ለምን በበጋ አትሄድም?» አለችኝ። ነገሯ እውነት አለው፤ ግን ዕረፍት ማለት ለእኔ ክረምት ነው። በበጋ ብሄድ ከሥራ የቀረሁ ይመስለኛል።

ዕቅዱ ይህ ነው። አውሮፕላን አላስብም፤ ከአውሮፕላን የሚታየው ደመና ነው፣ እሱ ጅማም ሞልቷል። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፤ ከአዲስ አበባ ሞያሌ በአውቶቡስ፤ ከሞያሌ ናይሮቢ በተገኘው፤ ከናይሮቢ አንቺ ዘንድ ኪሱሙ በባቡር። ከኪሱሙ በመርከብ ወደ ኡጋንዳ፣ ከኡጋንዳ ወደ ታንዛንያ፣ ሐይቁን ዞሬ ለዘመን መለወጫ ቤቴ እገባለሁ። መንገዱን ሁሉ በአትላሱ ላይ በክር ለክቼዋለሁ። ክሩ ከየኔነሽ የስፌት ሳጥን የወጣ ነውና፣ ብትጽፊላት አታንሺባት።

አንድ እንቅፋት አለ፤ እሱንም ታውቂዋለሽ። መኪና አይስማማኝም። የኔነሽ «የአንድ ሰዓት መንገድ አሰንዳቦ ሳይደርስ የሚያስመልሰው ሰውዬ ሦስት አገር ሊዞር ነው» እያለች ለዶሮዎቿ ስትነግር ሰምቻታለሁ። ለሰው እንዳትነግር አስምያታለሁና የቀሯት ዶሮዎቹ ናቸው።

የመርከቡን መነሻ ሰዓት አጣርተሽ ጻፊልኝ። ከሄድሽ ስድስት ዓመት ሆኖሻልና አንቺንም በዚያው አይሻለሁ። ዋናው ግን ሐይቁ ነው።

አጎትሽ፣ መምህር ሣህሉ


ኪሱሙ፣ ኬንያ
የካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደ እርስዎ በዲግሪ ሰላምታ ማቅረብ ባልችልም እንደምን ከረሙልኝ? እታለም የኔነሽን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ የሚያሳስብ ነገር የለም፤ ምንም የተለየ አዲስ ነገርም የለም።

ሐሳብዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ፈራሁ። ጋሼ፣ ሞያሌና ናይሮቢ መካከል ያለው አቧራ መንገድ ነው፤ ሰው ከከብት ጋር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ባቡሩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። መርከቡም ቆሟል። በአትላስዎ ላይ ያለው ነጠብጣብ መስመር ሥራ ካቆመ ዓመታት አለፉ። ይህን የነገረኝ በዚያው መርከብ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ መካኒክ ነው። ሐይቁ ራሱ ደግሞ አረንጓዴ አረም ወርሶት ውሃው አይታይም። መካኒኩ እንደሚለው አንዳንድ ቀን ላም ሜዳ መስሏት ትገባበታለች።

ስለዚህ ለምን ጅቡቲ አይሄዱም? ባቡር አለ፣ ባሕር አለ። ሩቅ ነው ካሉ ጣናን ይዩት፤ ሰባት ዲግሪም ሳይሻገሩ ይመለሳሉ። ላንጋኖም ደስ ይላል ይባላል። ደግሞስ እዚያው ጅማ አጠገብ ያለውን የቦዬን ሐይቅ በደንብ አይተውታል? ሰው በቅርቡ ያለውን ንቆ የሩቁን ሲመኝ ይኖራል፤ እርስዎ ራስዎ ነበሩ ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚሉን።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ቢገኝ ጥቂት በርበሬ ይላኩልኝ። ሰው ቢገኝ አልኩ እንጂ እርስዎ ይምጡ ማለቴ አይደለም።

የሚወድዎ ልጅዎ ትህትና


ጅማ
መጋቢት 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ሰላምታዬ እንደ በፊቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይውረድልሽ። ጤንነታችን ባለበት ነው።

ቦዬን አይቼዋለሁ። ጉማሬዎቹም እኔን አይተውኛል፤ በዚህ ዕድሜያችን የምንነጋገረው አዲስ ነገር የለንም። ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ።

ስለ ጉዞዬ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ለወይዘሮ ትርፌ። እሷም የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ምላለች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጥላሁን ጥሩምባ ነፋ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነውና፣ እኔም የእድሩ ዳኛ እንደመሆኔ ጋቢዬን አጣፍቼ እየተጣደፍኩ ድንኳኑ ቦታ ደረስኩ። «የሞተው ማነው?» ስል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለች ትርፌ። «አስቀድመን እንመካከር ብለን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእድራችን ሕግ አንቀጽ አሥራ አራት «የዓባሉን አስከሬን እድሩ የሚያጓጉዘው እስከ አሰንዳቦ ድረስ ነው» ይላል። ሕጉ ሲረቀቅ ጸሐፊው እኔው ነበርኩ። ያን ጊዜ ከአሰንዳቦ ወዲያ የሚሞት ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አሰንዳቦ ገበያ ሄዶ የሞተ አንድ ሰው አስቸግሮን ነው እሷንም ያስገባናት። አሁን ዳኛው ራሱ ታንዛንያ ቢሞትስ? ጥላሁን «ድንኳኑን ተሸክመን በየአገሩ ልንዞር ነው?» አለ። ሌላው «አፈሩ ይቅለለው፣ እዚያው ይቅር» አለ። ያልሞትኩት ሞት ሦስት ሰዓት ሲጎተት ዋለ።

በመጨረሻ የተናገረው ጎረቤቴ ሙሐመድሳኒ ነው፤ ያ ቡና ነጋዴው። «ዹጋ ዸ፣ እውነት ነው መምህር፣ ሐይቁን ማየት ሐቅዎ ነው። ኢንሻአላህ አይሞቱም። ግን እኛን ሁሉ በሥርዓት ሲቀብሩ ኖረው እርስዎን ማንም በማያውቅዎ አገር ሜዳ ላይ ብንጥል፣ ለልጆቻችን ምን እንላለን?» አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ውሳኔው ይህ ሆነ። በማልፍበት አገር ሁሉ የሚቀብረኝ ሰው ስሙ ተጠርቶ ካልታወቀ እድሩ መንገድ አይፈቅድልኝም። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ አለ። ሞያሌ የሙሐመድሳኒ አማች ቃሉን ሰጥቷል። ናይሮቢ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አለ። ታንዛንያ ቀባሪ ስላጣሁ ከዕቅዱ ሰርዣታለሁ። ኡጋንዳ በእንጥልጥል ናት። የቀረው ኪሱሙ ነው። አንቺ አለሽ ብላቸው «ሴት ልጅ ብቻዋን ሬሳ አትሸከምም፤ የወንድ ትከሻ ይጠራ» አሉ። እንግዲህ ኪሱሙ ላይ ማን ይሸከመኛል? ፈጥነሽ ጻፊልኝ።

ሌላው፣ ይህ መካኒክ ማነው? በአንዲት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሏል፤ ስለ መርከቡም፣ ስለ አረሙም፣ ስለ ላሟም የሚነግርሽ እሱ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እኔ ግን ምንም አልጠየቅኩም።

አጎትሽ፣ መምህር ሣህሉ


ኪሱሙ
ሚያዝያ 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

እርስዎም እታለምም በሰላም እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። ቁጭ ብዬ ስጀምር ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ አለቅሳለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ።

ጋሼ፣ የሚሸከምዎ ሰው አለ። ስሙ ኦዊቲ ነው። መካኒኩ ነው። ባለፈው ዓመት ተጋብተናል።

አሁን ይህን ያነበቡበትን ወንበር እንኳ አውቀዋለሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ደጅዎ ሳይቆም፣ አንድ ሰው እንኳ «ልጅዎን ይስጡን» ሳይልዎ አገባሁ። የኦዊቲ ቤተሰብ ግን እንዲህ አልፈለጉም። «ሽማግሌ ወዴት እንላክ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጅማ የት እንደሆነ በካርታ ሳሳያቸው ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ትንሹ ሰባ ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ ልጽፍልዎ እያልኩ ፈራሁ። ጅቡቲ ይሂዱ ያልኩዎም ለዚህ ነው። ቦዬንም ያነሳሁት ለዚሁ ነው።

የእድሩን ጥያቄ ለኦዊቲ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሥራውን ትቶ እጁን ጠረገና ተቀመጠ። እሱ ሉዎ ነው ጋሼ፤ እዚህ ሐይቁ ዳር ያሉት ሕዝብ ማለት ናቸው። ለቀብር የሚሆኑትን ያህል ለሠርግ አይሆኑም። ድንኳን አላቸው፣ ወንበር አላቸው፣ ለቀናት ይቀመጣሉ፣ ከከተማ በአውቶቡስ ተጭነው ይመጣሉ፤ ያልመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይታማል። ሰው የትም ይሙት፣ ናይሮቢም ይሁን ሞምባሳ፣ ሌሊቱን በመኪና አምጥተው አባቱ መሬት ላይ ይቀብሩታል። አሰንዳቦ የላቸውም ጋሼ።

ኦዊቲ ያለው ይህ ነው፦ «ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው፣ እኔና ወንድሞቼ እንሸከመዋለን፤ ከፈለጉም ጅማ ድረስ እንመልሰዋለን። ኡጋንዳ ጂንጃ አጎቴ አለ፣ እዚያ ቢሞትም ችግር የለም። ግን ከመቅበሬ በፊት በሕይወቱ ባየው ደስ ይለኛል።»

ውሳኔው የእርስዎ ነው። ቢቀሩ አልፈርድብዎትም። ቢመጡ ግን፣ አሁን እውነቱን ልናገር፣ ሐይቁ በሰኔና በሐምሌ ያምራል። አረሙም ያን ያህል አይደለም።

ልጅዎ ትህትና


ኪሱሙ
ሰኔ 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። ደብዳቤዬ ይድረስዎ አይድረስዎ አላውቅም፤ በየቀኑ ፖስታ ቤት ስሄድ ሠራተኛዋ ከሩቅ እያየች ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ቢቆጡም ተቆጥተው ይጻፉልኝ። በርበሬውን ይተዉት፤ ምንም ነገር አልፈልግም። አንዲት መስመር ብቻ ይበቃኛል፣ ሰላምታ ባይኖራትም።

ትህትና


ጅማ
ሰኔ 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ሰላምታ የሌላት መስመር ከእኔ ቤት አትወጣም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለቤትሽ ሰው።

የሚያዝያ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ አትላሱን ዘጋሁት። ልጄ፣ አዘንኩ። በሰውየው አይደለም፤ ሰውየውን አላውቀውም። ያዘንኩት እኔን ፈርተሽ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻሽን በመደሰትሽ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ሁለት ሳምንት ከጓሮ ቡና ዛፎቼ ጋር ዋልኩ። የኔነሽም ጉልበቷን ማማረር ተወች። ይህ ደግሞ ከማማረሯ ይከፋል።

እድሩ ግን መልስ እየጠበቀ ነበር። የቀብሩን ክፍል ብቻ ላነብላቸው ተነሣሁ። የቀብሩ ክፍል ከጋብቻው ተነጥሎ አልነበብ አለኝ፤ ሁሉንም አነበብኩት። «አሰንዳቦ የላቸውም» ከሚለው ስደርስ ሰው ሁሉ በአድናቆት «ወይ ጉድ!» አለ። ትርፌ ያቺን መስመር አስደግማኛለች። የኪሱሙ ቀባሪ በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

«እኔ ግን አልሄድም» አልኳቸው። «ሽማግሌ ባልላከልኝ ሰው ቤት እንዴት ብዬ እገባለሁ?» በዚሁ ተበተንን።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ሙሐመድሳኒ፣ ጥላሁንና ትርፌ። ሙሐመድሳኒ የዒድ ልብሱን ለብሷል። ሴት ለሽምግልና አትላክም ብለዋት «የእድሩ ቁልፍ በእኔ እጅ ነው» ብላ ነው ትርፌ የተከተለችው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

«ልጅዎን ትህትናን ለልጃችን ለኦዊቲ እንዲሰጡን ልንለምን ነው» አለ ሙሐመድሳኒ።

«ልጃችሁን የት ታውቁታላችሁ?»

«እርስዎ ካነበቡልን ደብዳቤ።»

«ዘሩስ?»

«ሰፊ ነው። ሬሳ ከሞምባሳ በሌሊት የሚያስመጣ ዘር ነው።»

ትርፌ ቀጠለች፦ «ሥራ አለው፣ ወንድሞች አሉት፣ ከቀብር አይቀርም። እዚሁ መንደራችን ውስጥ ከቀብር የማይቀር ወንድ ስንት አለ?» ይህን ስትል ጥላሁንን አየችው፤ ጥላሁን ጣራ ጣራውን አየ።

ሥርዓቱ ነውና «ቤተሰብ ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ቤተሰብ ማለት የኔነሽ ናት፤ እሷም ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በሳምንቱ መጡ፤ አሁንም እንደ ደንቡ መለስኳቸው። በሦስተኛው ዝናብ ያዘና ጥላሁን ደጄ ላይ ቆሞ ያስነጥስ ጀመር። የኔነሽ ከጓዳ ወጥታ «ጥሩምባ ነፊያችን ሳምባ ምች ይዞት ይሙትልህ? አንተ ካልሰጠህ እኔ ሰጥቻለሁ» አለች። ሰጠሁ። ተመርቀን፣ ተሳስመን ተቀመጥን። እንግዲህ በጅማ አቆጣጠር የተዳርሽው ሰኔ 20 ቀን፣ ትናንት ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሁም፣ አልሰማሁም።

ሐምሌ 3 ቀን እነሣለሁ። የኔነሽ ዶሮዎቿን ለማንም አላምንም ብላ ቀርታለች፤ እሷ ያላት ምክንያት ይህ ነው። ፓስፖርቴ ደርሷል፤ ፎቶው ላይ የምቀበር እመስላለሁ።

አጎትሽ ሣህሉ


ሞያሌ
ሐምሌ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፍልሽ ከሙሐመድሳኒ አማች ሱቅ ደጅ፣ የጭነት መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። የሚሞላው በበሬ ነው።

የኔነሽ ሎሚ አስይዛኝ ነበር። ሰርቦ ሳንደርስ ጨረስኩት። አሰንዳቦ ላይ ሹፌሩ ለእኔ ብቻ ሲል አቆመ። መንገድ ዳር ተንበርክኬ ሆዴ ሲገለበጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ብሞት እድሩ በሥርዓቱ ይወስደኛል፤ አሰንዳቦ መውጫ ላይ ካለችው ወፍጮ ቤት ካለፍኩ ግን አበቃልኝ። ረዳቱ «አባባ፣ ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ላስቁምልዎ?» አለኝ። ወፍጮ ቤቷን አየኋት። ከዚያ ተነሥቼ ተሳፈርኩ። ከወፍጮ ቤቷ በኋላ የሚገርመው ሆዴ ዝም አለ፤ እስከ ወሊሶ።

በየደረስኩበት የሰው አደራ አድርሻለሁ። መንደሩ ሁሉ በመንገድህ ነው እያለ ያሸከመኝ ቅቤና በሶ ከእኔ ሻንጣ ይበልጥ ነበር። አሁን የቀረኝ ያንቺ በርበሬ ነው። ይተዉት ብለሽ ነበር፤ የፈጨችው ግን ትርፌ ናት፣ እሷ ዘንድ ይተዉት የሚባል የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ፊት ለፊት እንዲህ ያለው ነገር ከአፌ አይወጣምና ቀድሞኝ ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው። ሐይቁ ሰበብ ነው። ሐይቅ በመጽሐፍ ይበቃኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ፊትሽን ላስታውስ ብሞክር የመጣልኝ የስምንተኛ ክፍል ፎቶሽ ነው፤ ያ ጉርድ ፎቶ። የአሁኑ ፊትሽ ጠፋብኝ። ወንድሜ አደራ ያለኝን ልጅ መልኳን ረሳሁ ብዬ ደነገጥኩ። አትላሱን ያወረድኩት ያን ዕለት ነው።

በሬዎቹ ገብተዋል። እየጠሩኝ ነው።

ሣህሉ


ኪሱሙ
መስከረም 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ፤ እንኳንም በሰላም ቤትዎ ገቡ። እታለምን፣ ሽማግሌዎቼን፣ በተለይ እትዬ ትርፌን ይሳሙልኝ። በርበሬዋ የኦዊቲን ወንድሞች አስለቅሷል፤ መልሰው ግን ይጠይቃሉ።

ከሄዱ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ጃፑኦንጅ የት ሄደ?» እያለ ያስቸግረኛል። መምህር ማለት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ፤ ልጆቹ ግን ስምዎ መስሏቸዋል። የደረሱበት ቀን የጎረቤታችን ቀብር መሆኑን እግዜር ነው ያቀናጀው። ሰው ከሳምንት መንገድ ሲመጣ ውሃ ይጠይቃል፣ እርስዎ ሻንጣዎን ሳያስቀምጡ «ይህን ድንኳን ማነው እንዲህ የተከለው?» አሉ። ገመዱን ፈትተው ለነፋሱ ጀርባ እንዲሰጥ አድርገው አስተከሉት። ወንበሩን አሰለፉ። የኦዊቲ አጎት ከጎንዎ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይህ ሰው የማን ነው?» አለ። ኦዊቲ «የእኔ አማት ነው» ሲል ድምፁ እንዴት እንደነበር ሰምተው ይሆን? እኔ ሰምቻለሁ።

በፍልሰታ ጾም ዓሣ አልበላም ሲሉ የኦዊቲ እናት ታመው ነው ብላ ስትጨነቅ ነበር። አሁን «ለሚመጣው ነሐሴ ባቄላ እዘራለታለሁ» ትላለች።

ምድር ወገብ ላይ የተነሡት ፎቶ ታጥቦ መጣ። አንድ እግር ወዲህ፣ አንድ እግር ወዲያ አድርገው ቆመዋል። ኦዊቲ እንደነገረኝ ወዲህና ወዲያ አዩና «ልክ ነበርኩ» አሉ። ከጂንጃ ስትመለሱም ሁለታችሁ በምን ቋንቋ ስትስቁ እንደመጣችሁ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ዋናው። የሞያሌው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ። ያን ሁሉ ሳምንት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከእኔ ጋር በልተው ጠጥተው፣ አንድም ቀን አላሉትም። እኔ ደግሞ ሻይ ስቀዳ ፊቴን ለምን እንዲያ ትኩር ብለው ያዩኛል፣ ምናልባት ከስቼባቸው ይሆናል እል ነበር። ጋሼ፣ ከዚህ ጋር አዲስ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ጉርድ አይደለም። ከእግር እስከ ራስ ነው፤ ኦዊቲም አለበት።

ኦዊቲ ስለ እድሩ ብዙ ይጠይቀኛል። «እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ሰው እንዴት ይገባል?» ብሎኛል።

ልጅዎ ትህትና


ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ
ጥቅምት 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለትህትናና ለኦዊቲ፤

ሁለቱንም የምድር ወገብ ጎኖች ከረገጠ ሰው ሰላምታ ይድረሳችሁ። እኛ ደህና ነን። የኔነሽ ፎቶውን ከአትላሱ ውስጥ አውጥታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ኦዊቲን ከእግር እስከ ራሱ አየችና «ትከሻው ይበቃል» አለች። ክሩንም አግኝታዋለች። ሞያሌ ላይ ቋጠሮ ነበረበት።

ለኦዊቲ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሰው እድር የሚገባው በዓባል ምስክርነት ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎቹ መሰከሩለት። «እሱ ኪሱሙ ሆኖ እዚህ ድንኳን እንዴት ይተክላል?» የሚል ተነሣ። ሙሐመድሳኒ «መምህሩ እዚያ አልተከለም እንዴ?» አለው። ሰውየው ተቀመጠ። ገብቷል። ከዚያ አንቀጽ አሥራ አራት ለውይይት ቀረበ። ትርፌ በብርቱ ከተቃወመች በኋላ ማንም ዓባል ያለ በቂ ምክንያት ሩቅ አገር እንዳይሞት ይመከር በሚል ተስማማች። «እስከ አሰንዳቦ ድረስ» የሚለውን ያኔ የጻፍኩት እኔ ነኝና በገዛ እጄ ሰረዝኩት። በምትኩ «ዓባሉ ካለበት ነው» ብዬ አስገባሁ።

ባለፈው ሐሙስ የጥላሁን አማት አረፉ፤ ነፍስ ይማር። ስም ጠሪው ጥላሁን ሐዘንተኛ ስለሆነ ከቀብር መልስ ስም የጠራችው ትርፌ ናት። አንድ በአንድ ጠርታ፣ የቀረውን ምልክት እያደረገች፣ መጨረሻው ላይ ደረሰች። «ኦዊቲ» አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ዳኛው እኔ ነኝ።

«መንገድ ላይ ነው» አልኩ።

ትርፌ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ምንም ሳትጽፍ መዝገቡን አጠፈችው። ልጆቼ፣ እኔ በእድር ፊት ዋሽቼ አላውቅም። የጭነት መኪናው ከሞያሌ ወዲያ ያው ነው፣ ከበሬዎቹ ጋር ትለምዳላችሁ፤ ሎሚ ያዙ፤ አሰንዳቦ ስትደርሱ እኔና የኔነሽ ወፍጮ ቤቷ ጋ ቆመን እንጠብቃችኋለን። በስተርጅናዬ ውሸታም አታድርጉኝ።

አባትሽ ሣህሉ